ጣሪያዬን ሳይቀድዱ ለጠገኑልኝ ጋሼ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጣሪያ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

ሐምሌ ላይ ከጣለው ዶፍ በኋላ የእናቴ ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። መጀመሪያ ያመጣሁት ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ሺንግሎቹን፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ተደራርበው የተነጠፉትን የሬንጅ ንጣፎች፣ በጉልበት አነሳቸው። ሦስቱን ቀደደና ሬንጅ ለቅልቆበት ሄደ። በሚቀጥለው ዝናብ እናቴ አልጋዋ አጠገብ ሳፋ አስቀምጣ አደረች። ሌላ የጠራሁት ድርጅት ደግሞ «ሙሉ ጣሪያው ካልተቀየረ» አለኝ።

እኚህን ጋሼ ያገኘኋቸው በቤተ ክርስቲያን ሰው ጥቆማ ነው። ከሰዓት በኋላ መጥተው ጣሪያውን ዳሰስ አደረጉና ወረዱ። «ልጄ፣ አሁን ግሏል፤ ባነሳው ይቀደዳል። ነገ በማለዳ እመለሳለሁ» አሉኝ። ጎህ ሲቀድ መሰላላቸውን ይዘው ደረሱ።

ሺንግል ከሥሩ ካለው ጋር የሚያያዝበት የሬንጅ መስመር አለው፤ የሚያጣብቀው የፀሐይ ሙቀት ነው። ቀን ላይ ሬንጁ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ሺንግሉን ይዞት ይቀደዳል። በስኖው ወራት ደግሞ ሺንግሉ ራሱ ደርቆ ይሰነጠቃል። በማለዳው ቀዝቃዛ አየር ግን ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ከሥሩ አስገብተው በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲመቱት ያለ ትግል ለቀቀ።

አንዱን የተቀደደ ለማውጣት ከላዩ ያሉት ሁለት ረድፎችም መላቀቅ አለባቸው፤ የላይኛው ምስማር የታችኛውንም ጫፍ ወግቶ ነው የሚያልፈው። ለአንድ ሺንግል 8 ምስማር ነቀሉ፦ 4 የራሱ፣ 4 የላይኛው። ሺንግሉንም ምስማሩ እስኪታይ ብቻ ቀና ያደርጉታል እንጂ ወደ ኋላ አያጥፉትም። አዲሱን ከመቱ በኋላ ያላቀቁትን ሁሉ የሳንቲም ስፋት ባለው ሬንጅ አንድ በአንድ መልሰው አጣበቁ፤ እንዲሁ ቢተው ንፋስ ያነሳዋል። ቀለሙ ከአሮጌው ትንሽ እንደሚለይም አስቀድመው ነግረውኛል።

ውሃው ይገባ የነበረው ለካ በቧንቧው መተንፈሻ ዙሪያ ባለው የተሰነጠቀ ጎማ ነው! ፎቶ አንስተው አሳዩኝና ቀየሩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ከባድ ዝናብ ዘንቧል፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እናቴ ሳፋዋን መልሳለች፤ እሳቸውንም መርቃ አልጠገበችም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቀን ጣሪያ ላይ ስለሚሆኑ ማታ ብትደውሉ ይሻላል።