የአንቴሎፕ ጠመንጃ ልትገዙ ነው? ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት አትመኑ

ዴንቨርና ኦሮራ ላላችሁ፣ እንዲሁም በየዓመቱ ወደ ዋዮሚንግ ለአደን ለምትወጡ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። እጣ ወጥቶላችሁ አንቴሎፕ የሚባለውን የሜዳ እንስሳ ለማደን ታግ (የአደን ፈቃድ) ካገኛችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጠመንጃ ፍለጋ ነው። ሱቆቹም ይህን በደንብ ያውቃሉ። ጠመንጃ፣ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር)፣ ማስደገፊያና ማንገቻ አንድ ላይ አድርገው «ለአንቴሎፕ የተዘጋጀ» እያሉ የሚሸጡት ፓኬጅ አለ። እባካችሁ ክሬዲት ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

በማህበራችን ያለ አንድ ወንድማችን ባለፈው ዓመት ይህን ፓኬጅ ገዛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር አደን የሚወጣው። የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ ምን እንደሚያድን ብቻ ጠየቀው። «አንቴሎፕ» ሲለው ወዲያው አንድ ጠመንጃ ከመደርደሪያው አወረደለት። አፈሙዙ በካርቦን የተጠቀለለ ነው። የተንጠለጠለበት ወረቀት 5 ፓውንድ ተኩል ይላል። ጥይቱ 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለው ከባድ ጥይት ነው። ላዩ ላይ ትልቅ ስኮፕ፣ ከሥሩ ባለ ሁለት እግር ባይፖድ። ዋጋው 2,900 ዶላር።

ሻጩ ያቀረበው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ትሄዳለህ፣ ስለዚህ ጠመንጃህ ቀላል ይሁን። ሁለተኛው፣ አንቴሎፕ አያስጠጋም፣ ከሩቅ ስለምትተኩስ ጥይትህ ጉልበት ይኑረው። ለየብቻ ሲሰሙ ሁለቱም ልክ ይመስላሉ። ቀላል ጠመንጃና ከባድ ጥይት አንድ ላይ ሲገናኙ ግን የሚጎዳው ተኳሹ ነው።

መጀመሪያ ስለ ክብደቱ። ጠመንጃውን ቤት ወስደን መዘንነው። 5 ፓውንድ ተኩል የተባለው ባዶውን ነው፤ ስኮፕ የለውም፣ ጥይት የለውም፣ ምንም የለውም። ስኮፑ ብቻውን 28 አውንስ ነው፤ ይህ 1 ፓውንድ ከ12 አውንስ ማለት ነው። ስኮፑን የሚይዙት ቀለበቶችና መሠረታቸው 6 አውንስ። ባይፖዱ 14 አውንስ። ማንገቻው 5 አውንስ። ሦስት ጥይት ሲጎርስ ጠቅላላው 9 ፓውንድ ገባ፣ 4 ኪሎ ገደማ። ወንድማችን ለ«ቀላልነት» ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የተሸከመው 9 ፓውንድ ነው። ያውም ክብደቱ ሁሉ ላይኛው ክፍል ላይ ስለሆነ ጠመንጃው እጅ ላይ ይገለባበጣል።

አሁን ተራውን አስቡት። 7 ፓውንድ የሚመዝን፣ ከ500 እስከ 800 ዶላር የሚገኝ ደህና የአደን ጠመንጃ ውሰዱ። 13 አውንስ ገደማ የሚመዝን ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ ጨምሩበት። ቀለበቱን፣ ማንገቻውንና ጥይቱን ደምሩ። 8 ፓውንድ ተኩል አካባቢ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ውድ «ቀላል» ጠመንጃ ያንሳል ማለት ነው። ክብደቱ ደግሞ የተመጣጠነ ነው።

ሁለተኛው ችግር ምቱ ነው። ይህን ሻጩ ጨርሶ አላነሳውም። አንድ ዓይነት ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ሲወጣ ትከሻን አብዝቶ ይመታል። ስሌቱ ቀላል ነው። 8 ፓውንድ የነበረው ጠመንጃ ወደ 6 ፓውንድ ቢወርድ፣ ወደ ትከሻችሁ የሚመጣው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። የ300 ማግነም ምት ደግሞ፣ ጠመንጃዎቹ እኩል ቢመዝኑ እንኳ፣ 6.5 ክሪድሞር ከሚባለው ቀለል ያለ ጥይት እጥፍ ገደማ ነው። ወንድማችን ሸክሙን ሊቀንስ ብሎ ባይፖዱን ሲፈታው ምቱ ጭራሽ ባሰበት። የስኮፑ ጠርዝ ቅንድቡን ቀደደው። ከዚያ በኋላ ገና ቃታውን ሳይስብ ሰውነቱ ይሸማቀቃል፣ ዐይኑ ይጨፈናል። እንዲህ ያለ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ብዙ ጊዜና ብዙ ጥይት ይፈጃል። ለጀማሪ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ሻጩ «ብሬክ አለው፣ ምቱን ይቀንሳል» ሊላችሁ ይችላል። እውነት ነው፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ብሬክ ምቱን ይቀንሳል። ግን ድምፁን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አጠገባችሁ የተኛው ጓደኛችሁ ጆሮውን ካልሸፈነ ይጎዳል። ጆሮ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።

ወደ እንስሳው እንምጣ፣ ነገሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ አንቴሎፕ የሚለው ፕሮንግሆርን በሰሜን አሜሪካ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። በዝምድና ከአፍሪካ ሚዳቋና ድኩላ ይልቅ ለቀጭኔ ይቀርባል። ወንዱ ከ90 እስከ 140 ፓውንድ ይመዝናል፤ ቢበዛ 64 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ለዚህ የሚያህል እንስሳ ማግነም አያስፈልግም። ከ1955 ጀምሮ ያለው 243 ዊንቸስተር የሚባለው ጥይት ይበቃዋል። 6.5 ክሪድሞርም፣ 25-06ም፣ ከ1925 ጀምሮ ያለው 270ም ይበቃሉ። ጥይቱ ቦታውን ካገኘ ከእነዚህ ሁሉ የሚያመልጥ አንቴሎፕ የለም። ጥይቱ ቦታውን ከሳተ ደግሞ ማግነም መሆኑ አያድናችሁም። ሆዱን የተመታ እንስሳ ሜዳ ለሜዳ ሲሰቃይ ማየት ይከብዳል። ለዚህ ነው ይህን ነገር አጥብቄ የምናገረው።

ፕሮንግሆርን ዐይኑ ትልቅ ነው። ከሩቅ ያያል፣ ዙሪያውን ያያል። ሲሮጥ በሰዓት 55 ማይል ገደማ ይደርሳል። የሚኖረው ዛፍ በሌለበት፣ ሴጅብረሽ የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ በሸፈነው ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ አደኑ ተራራ መውጣት አይደለም። ከጉብታ ጀርባ ዞሮ፣ የመጨረሻውን ርቀት በደረት ተስቦ፣ ተኝቶ መተኮስ ነው። መሬቱ ላይ ቁልቋልም አለ፤ የጉልበት መከላከያ ብትይዙ ትመሰግኑኛላችሁ። አብዛኛው ተኩስ ከ200 እስከ 300 ያርድ ባለው ውስጥ ነው።

ተኝቶ ለሚተኩስ ሰው የጠመንጃው ክብደት ጠላቱ አይደለም፤ ያግዘዋል። የዋዮሚንግ ንፋስ አያርፍም። ትንፋሻችሁ ከመሳቡ ገና አልረጋም። ልባችሁ ይመታል። በጣም ቀላል ጠመንጃ ይህን ሁሉ ይቀበልና አፈሙዙ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ ቃታው ከባድ ከሆነ፣ ጣታችሁ ቃታውን ሲስብ ጠመንጃውንም አብሮ ይጎትተዋል። 5 ፓውንድ ጉልበት የሚፈልግ ቃታ ያለበት 5 ፓውንድ ተኩል የሚመዝን ጠመንጃ አስቡት። ደህና ክብደት ያለው ጠመንጃ ግን ቦርሳችሁ ላይ ስታስደግፉት ይረጋል። ቀጭን አፈሙዝ ሌላም ጣጣ አለው፤ ቶሎ ይግላል። ኢላማ ላይ ስኮፕ ስታስተካክሉ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ጥይቶቹ መበታተን ይጀምራሉ። ሰው ደግሞ ስኮፑ የተበላሸ እየመሰለው ሲያዞረው ይውላል።

በጣም ቀላል ጠመንጃ ዋጋ የለውም አላልኩም። ለተራራ የዱር በግና ፍየል አደን ቀኑን ሙሉ ገደል የሚወጣ ሰው እያንዳንዷን አውንስ ቢቆጥር ልክ ነው። እሱ የሚከፍለው ለሚያስፈልገው ነገር ነው። ለአንቴሎፕ ሜዳ ግን ያ ገንዘብ የሚባክን ገንዘብ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ 12 እና 13 ፓውንድ የሚመዝን የሩቅ ኢላማ ጠመንጃ የሚሸጡም አሉ። «ከመኪና ስለምትወርድ ክብደት አያሳስብህም» ይላሉ። እንዳትሰሟቸው። ዋዮሚንግ ውስጥ ከመኪና ላይም ሆነ ከመንገድ ላይ መተኮስ ክልክል ነው። ጠመንጃውን ይዛችሁ መሄዳችሁ፣ መሳባችሁ አይቀርም። በሁለት እጅ መሬት ላይ እየገፋችሁት ስትሳቡ 13 ፓውንድ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ሁሉም ነገር ተገጥሞለት፣ ጥይት ጎርሶ፣ ከ7 ፓውንድ ተኩል እስከ 9 ፓውንድ። ጥይቱ 243 ወይም 6.5 ክሪድሞር። ሰውነታችሁ ቀጠን ያለ ከሆነ፣ ወይም ለባለቤታችሁ ወይም ለልጃችሁ የምትገዙ ከሆነ፣ ወደ 7 ፓውንድ ተኩሉ ጠጉ፤ 243ን ምረጡ። ለእነሱ ከክብደቱ ይልቅ የሰደፉ ርዝመት ይበልጣል። ብዙ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰደፍ ለረጅም አሜሪካዊ የተሠራ ነው። የአደን ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ትከሻችሁ ላይ አድርጉት። ዐይናችሁ ሳትንጠራሩ ስኮፑ መሃል ካልገባ፣ ያ ጠመንጃ ለእናንተ አይሆንም።

ሱቅ ስትሄዱ የሻንጣ ሚዛን ያዙ። አዲስ አበባ ስንሄድ 23 ኪሎውን የምንለካበት፣ በየቤታችን ያለው ያ በእጅ የሚንጠለጠለው ነው። ሻጩ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ከፍቶ ያሳያችሁ። ከዚያ ከነስኮፑ፣ ከነባይፖዱ፣ ከነማንገቻው መዝኑት። የአደን ሱቅ ውስጥ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እንዲመዘን የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ቃታው ስንት ፓውንድ እንደሚፈልግም ጠይቁ። 3 ፓውንድ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

መመለስን በተመለከተ በጣም ተጠንቀቁ። ወንድማችን በሳምንቱ ጠመንጃውን ሊመልስ ሄደ። «ፎርሙ ተሞልቶ ከሱቅ ከወጣ በኋላ ያገለገለ ዕቃ ነው» አሉት። መልሰው ሊገዙት የሰጡት ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። ይህ የአንድ ሱቅ ክፋት ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሱቆች የጦር መሣሪያ ሽያጭን የመጨረሻ ነው ይላሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ግን አንድ ዕድል አላችሁ። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጠመንጃ ገዝቶ ለመረከብ ቢያንስ ሦስት ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ምን ያህል እንደሚቆርጡባችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሦስቱን ቀን ለማሰብ ተጠቀሙባቸው። ልምድ ላለው ሰው ደውሉ። ተመሳሳይ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ያለው ጓደኛ ካላችሁ፣ አብራችሁት ኢላማ ሄዳችሁ ሞክሩት።

ወንድማችን አሁን ጠመንጃውን ሊሸጠው ነው። እንዲህ የከሰሩ ሌሎችም ስላሉ በየግሩፑ «ብዙም ያልተተኮሰ» እየተባለ የሚወጣ ዕቃ ታያላችሁ። ዋጋው ቢያጓጓም የሚመታው ትከሻ ያው ነው። ደግሞም ኮሎራዶ ውስጥ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የጀርባ ማጣሪያ አልፎ ነው የሚፈጸመው። ጥቂት ሕጋዊ የቤተሰብ ስጦታዎች ካልሆኑ በቀር እጅ በእጅ አይቻልም። «ግሪን ካርዱ ገና አልደረሰለትም፣ በአንተ ስም ግዛለት» የሚል ዘመድም አይጠፋም። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉት። የምትፈርሙበት የፌደራል ፎርም ትክክለኛው ገዢ እናንተ መሆናችሁን ይጠይቃል። በሐሰት መፈረም የፌደራል ወንጀል ነው። የምትረዱት ዘመድም አብሮ ይጠፋል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ትልቁን ስኮፕ አውርዳችሁ በአነስተኛው ቀይሩት። ባይፖዱን ሽጡና ቦርሳችሁ ላይ አስደግፉ። ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም የጎማ ትራስ አስገጥሙ። ለ300 ማግነም ምቱ የተቀነሰ ጥይትም ይሸጣል፤ እስከ 200 ያርድ ድረስ ለአንቴሎፕ ከበቂ በላይ ነው። ጆሯችሁን ሳትሸፍኑ አንድም ጥይት አትተኩሱ። ስኮፕ ወይም ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ኢላማ ላይ ማስተካከል ግድ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ እስከ አደኑ ዋዜማ አታቆዩት፤ ነሐሴ ላይ ጨርሱት።