ጊት፦ ሥራው የተዋጣለት፣ የአማራጮቹ ስያሜ ግን ወጥነት የጎደለው

ጅማ ውስጥ ለቡና ነጋዴዎች የመጋዘን መዝገብ ፕሮግራም ስንሠራ የምንጠቀምበት ጊት (በፕሮግራም ኮድ ላይ የሚደረጉ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ)፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ሲሆን፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የለውጦችን ታሪክ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ መመዝገቡን ስለሚቀጥል ይመሰገናል። የትእዛዝ አማራጮቹ ስያሜ ግን ያሳስታል። ሰረዝ ኤን (-n) የተባለው አማራጭ በፑሽ (የተመዘገቡ ለውጦችን ወደ ሌላ ማከማቻ በሚልከው) እና በክሊን (ጊት የማይከታተላቸውን ፋይሎች በሚሰርዘው) ትእዛዝ ላይ ምንም ሳይነካ ሊደረግ የታሰበውን ብቻ ሲያሳይ፣ በኮሚት (ለውጥን በሚመዘግበው ትእዛዝ) ላይ ቅድመ ፍተሻውን ዘሎ ለውጡን በእርግጥ ይመዘግባል፤ ለሙከራ ብሎ ለሚጽፈው ሰው ይህ ወጥመድ ነው። በሎግ (ታሪኩን በሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ ደግሞ የሚታዩትን ኮሚቶች፣ ማለትም የተመዘገቡ ለውጦች፣ ብዛት ይወስናል። ድራይ ረን (ሳይፈጽሙ ማሳየት) እና ኖ ቬሪፋይ (ፍተሻውን መዝለል) የተባሉት ረጃጅም ስሞች ግልጽ ስለሆኑ ለጀማሪ የምመክረው እነሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቼክአውት ትእዛዝን ድርብ ሥራ (ከአንድ የሥራ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ መቀየርንና ፋይልን ወደ ቀድሞ ይዘቱ መመለስን) የሚከፋፈሉ ስዊችና ሪስቶር መጨመራቸው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ቼክአውትም ስላልተወገደ የቆዩ መመሪያዎች አሁንም ይሠራሉ።