ደሴ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ምስጋናዬ ለሱ ነው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ፣ የምትፈልጉት በኢንቦክስ ጠይቁኝ። እዚህ የሠራልኝን ልንገራችሁ። "ጎበዝ ልጅ ነው" ብሎ ማለፍ ለሱም ለእናንተም አይጠቅምም።

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የጀመረችው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ የጻፈቻቸው የእድር ደንቦች፣ የኪራይ ውሎች፣ የሰርግ መጥሪያዎች፣ ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማች የመዘገበቻቸው መንዙማዎች፣ ሁሉም ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ (የድሮዎቹ ስስ ካሬ ዲስኮች) ውስጥ ነው ያሉት። የተጻፉት በዊንዶውስ 98 ዘመን፣ በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ነው። የድሮ ደንበኛ መጥቶ "ያኔ እህትሽ የጻፈችልን ደንብ አይገኝም ወይ?" ሲለኝ አንገቴን ከመነቅነቅ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ችግሩ ፍሎፒው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በእትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ቦታው ደግሞ አይበቃም። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፤ የኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ይከፋፈል ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው። አንድ መስመር አይነበብም።

በዚያ ላይ ፕሪንተሬ አለ። የድሮው ኤፕሰን፣ ያ እየጮኸ በሪባን የሚጽፈው። በካርቦን ሦስት ኮፒ በአንዴ የሚያወጣልኝ እሱ ብቻ ነው። ውል ለሚያስጽፍ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ገመዱ ግን የሚሰካው በፓራለል ፖርት፣ በዚያ በድሮው ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ እሱን ማን አይቶት ያውቃል! የጠየቅኳቸው ሁሉ "ጣይውና አዲስ ግዢ" ነበር የሚሉኝ። አንዱማ ፍሎፒውን ሲያይ ሳቀብኝ።

ይሄ ልጅ አልሳቀም። ነገሩን ከሰማ በኋላ "ቤት ውስጥ የተጣለ አሮጌ ማሽን የለም?" አለኝ። አማቼ ከአንድ መስሪያ ቤት ጨረታ ላይ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር ተጠቅልሎ የመጣለትን ጥቁር ሣጥን ወሰድኩለት። ኤችፒ ቲ5720 የሚባል ቲን ክላየንት ነው። ለማታውቁት፣ ቲን ክላየንት ማለት ሥራው ሁሉ ሰርቨር በሚባል ሌላ ዋና ኮምፒውተር ላይ ሆኖ እሱ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ የሚያገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሃርድ ዲስክ የለውም። ፋንም የለውም፤ አይጮህም።

ልጁ ግን ጀርባውን አዙሮ ሲያይ ፊቱ በራ። ፓራለል ፖርት አለው! ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ባለ1 ጊጋኸርዝ ኤኤምዲ ጂኦድ ኤንኤክስ ነው፤ ለዛሬ ኢንተርኔት ምንም አይደለም፣ ለዊንዶውስ 98 ግን ንጉሥ ነው።

ሲከፍተው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ በብሩሽ አቧራውን ጠረገ። ከዚያ ቦርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ሲሊንደሮች) አንድ በአንድ በጣቱ ጫፍ ዳሰሳቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ሁለቱ አብጠው ነበር። በካውያ ስታኞውን አቅልጦ አወጣቸውና፣ ከሌላ ቦርድ ሳይሆን ከመሳቢያው አዲስ አውጥቶ ተካቸው። ቮልቴጁን አመሳክሮ፣ የፕላስና የማይነሱን አቅጣጫ ሁለቴ አይቶ ነው የበየደው። በግልባጭ ከተሰካ ይፈነዳል አለኝ። እኔም ወንበሬን ትንሽ ሸሸት አደረግኩ።

በሃርድ ዲስክ ፋንታ የነበረችው ባለ44 ፒን የፍላሽ ቁራጭ ትንሽ ናት፣ ለእህቴ ፋይልና ለፕሮግራሙ አትበቃም። እዚህ ላይ ነው የወደድኩት። "ፎቶ ቤት ሄደው የድሮ ካሜራ ካርድ ይጠይቁልኝ" አለኝ። ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው፣ ወፈር ያለው ካርድ ነው። ለካ ያ ካርድ በተፈጥሮው የሃርድ ዲስክን ቋንቋ ይናገራል፤ ፒኑን የምታገናኝ አዳፕተር ብቻ ናት የምትፈልገው። ጎረቤታችን ያለው ፎቶ ቤት መሳቢያ ውስጥ አቧራ የጠጣ ካርድ አግኝቶ በርካሽ ሰጠኝ።

ራሙን፣ የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 512 ሜጋ አደረገው። እኔ ደግሞ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ባለ1 ጊጋ ነበረኝና "ይሄን ክተትበት፣ ይፈጥናል" አልኩት።

"እትዬ፣ አብሽሩ። ዊንዶውስ 98 ከ512 በላይ ሲያገኝ ይደናበራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። መላ አለው፣ ግን ለእድር ደንብ ይሄም ተርፎ ይፈሳል።"

ሌላው ቢሆን ከቶ ሂሳብ ይጨምርብኝ ነበር።

የማሽኑን ሰዓት የምታስኬደውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032ን፣ ቀየረ። ዊንዶውስ 98 ፍላሽ ዲስክ በራሱ አያውቅም፤ ድራይቨሩን፣ የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም፣ ፈልጎ ጫነ። በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ድራይቭ ከሌላ ደንበኛ ተዋሰልኝ። የሻገቱት አንዳንድ ፍሎፒዎች እምቢ አሉ፣ እነሱ ጠፍተዋል። አብዛኞቹ ግን ተነበቡ። ከሁሉም ቀድሞ የተከፈተው የሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንብ ነበር፤ "ቀባሪ ያልወጣ አባል 5 ብር ይቀጣል" ይላል። 5 ብር! ኤፕሰኑ እየጮኸ አተመው።

አሁን የሚፈለገውን እያወጣሁ አትማለሁ። የቀረውን በፍላሽ ወደ ላፕቶፕ ወስጄ ወደ ዩኒኮድ እየቀየርኩ ነው። አንዳንድ ፊደል ስለሚዛባ ማረም ግድ ነው። መብራት ሲጠፋም ትንሿ ዩፒኤሴ (መብራት ሲሄድ የምትይዘው ባትሪ) ትችለዋለች፤ ማሽኑ ባለ12 ቮልት ነው፣ ብዙ አይበላም። ኢንተርኔት ግን እንዳላገናኘው አስጠንቅቆኛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 ድጋፍ (የደህንነት ማስተካከያውንም) ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የእህቴ ልጅ ሶሊቴር ሲጫወትበት ይውላል፣ እሱን መከልከል አልቻልኩም።

የእጅ ብሎ የጠየቀኝ አዲስ ኪቦርድና ማውስ የሚገዛበትን ያህል ነው። እንከኑን ልደብቅ አልፈልግም። ለቸኮለ ሰው አይሆንም። "ነገ" ካለ ነገ አይደለም። ስልክም ቶሎ አያነሳም፣ መልእክት መተው ይሻላል። ሱቁ ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም፤ ቦርድ በቦርድ ላይ ነው። ስልክ ጥገናም አይቀበልም፣ ስክሪን ለማስቀየር እሱ ጋ አትሂዱ። የድሮ ኮምፒውተር፣ የድሮ ፕሪንተር፣ ከፍሎፒና ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ፋይል ማውጣት፣ ለዚህ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሂዱ።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ የሐረጎን ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት መኖሩን አረጋግጡ። አርብ የሚከፍተው ከጁምዓ በኋላ ነው። ማሽኑን ስታመጡ የራሱን ቻርጀር አትርሱ፤ የቲን ክላየንት ቻርጀር እንደ ላፕቶፕ በየሱቁ አይገኝም።