ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ የትኛው ደረጃ አውጪ ይበጃል?

የምደባ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን ደሴም ወልድያም አንድ ጥያቄ አለ፦ የቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? መልስ ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረው ሰንጠረዥ ማን በምን እንደመዘነው ግን እምብዛም አይታይም።

የሻንጋዩ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ 30 በመቶው የኖቤልና የፊልድስ ሜዳሊያ (የሒሳብ ሽልማት) ተሸላሚ ቆጠራ ነው። ሌላው ደረጃ አውጪ ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን ጠንቃቃ ቢሆንም መግቢያው ጠባብ ነው፤ በ5 ዓመት ቢያንስ 1,000 የምርምር ጽሑፍ ይጠይቃል። ከዝርዝሩ የቀረ ሁሉ ማስተማር አይችልም ማለት አይደለም። ታች ያሉትንም «1201–1500» ብሎ በጅምላ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ውስጥ ማን እንደሚቀድም መከራከር ከንቱ ነው። ሦስተኛው ደረጃ አውጪ ኪውኤስ ለመምህርና ተማሪ ጥምርታ 10 በመቶ ሲሰጥ በመምህራንና በቀጣሪዎች ዘንድ ላለ ዝና 45 በመቶ ይሰጣል። አዲስ ተቋም እዚህ ላይ ይጎዳል።

በየሰፈሩ የሚዞረው በብዛት የዌቦሜትሪክስ ነው፤ ትንንሾቹንም ስለሚያካትት። ግማሹ ነጥብ ግን ሌሎች ድረ ገጾች ወደ ተቋሙ ገጽ በሚያገናኙት መጠን ይሰላል። አድራሻ ሲቀየር ወይም ገጹ ሲቋረጥ ደረጃው ይወርዳል፤ መምህሩ ያው መምህር ነው። ሌላው ችግር፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የደሴ ግቢ ሕክምናና የኮምቦልቻ ግቢ ምሕንድስና በአንድ ቁጥር መጠቅለሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉም፣ የቀደሙ ዓመታትን ጽሑፍ የሚቆጥር መለኪያ የጠፋውን ማይክሮስኮፕ አያይም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ውጤት ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። እሱም ቢሆን በጥቅሉ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት በትምህርት ክፍል ነው፦ ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ፣ ከእነሱስ ስንቱ ደጋሚ ነው? 20 ተፈትነው 18 ማለፋቸው 90 በመቶ ነው፤ 200 ተፈትነው 150 ማለፋቸው 75 በመቶ። ከሁለቱ የመጀመሪያው በዓመቱ 3 ተማሪ ተጨማሪ ቢወድቅበት ወደ 75 ይወርዳል፤ በሁለተኛው ላይ የ3 ተማሪ መውደቅ ብዙም አይታይም። የተፈታኙ ቁጥር ያልተጻፈበት መቶኛ ከተገኘ ሬጅስትራሩን ወይም የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ መጠየቅ ነው።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን የሚሞላ ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ቱሉ አውሊያ ግቢ ይሁን መካነ ሰላም ግቢ አስቀድሞ ያጣራ።