ጎልፍ ካርት ወይስ ባለታርጋ ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና? ለገጣፎና ሱሉልታ ላሉ ገዢዎች

ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ጎልፍ ካርት (በጎልፍ ሜዳ ሰው የሚያመላልሰውን ትንሽ ክፍት መኪና) ሲያማርጥ ሻጩ «አስፋልትም ላይ ይነዳል» ማለቱ አይቀርም። ወሬው የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ እዚያም ለሁሉም አይሠራም።

አሜሪካኖቹ ሁለት ዓይነት አላቸው። ተራው ጎልፍ ካርት በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በታች የሚሄደው ነው፤ አብዛኛው እንዲያውም ከ24 አያልፍም። ቀበቶ፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ ላይኖረው ይችላል፤ ፍሬኑም ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛው «ዝቅተኛ ፍጥነት ተሽከርካሪ» ይባላል፤ ደረጃው የወጣለት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከ32 እስከ 40 ይሄዳል፤ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የፊት መስታወት፣ የእጅ ፍሬንና ቀበቶ ግዴታው ነው። ይህም ቢሆን በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚፈቀድለት የፍጥነት ወሰናቸው 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች በሆነ መንገዶች ላይ ነው።

ስለዚህ ፎቶውን ተዉትና ሻንሲ ቁጥሩን አሳዩኝ በሉ። ለመንገድ የተሠራው ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ቁጥር አለው፤ ተራው ካርት ግን የፋብሪካ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

እኛ ጋ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ታርጋ አያወጣም። ምዝገባና ምርመራውም ሦስተኛ ወገን መድኑም በአገራችን አዋጅ ነው የሚመራው። ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ መድንና መንጃ ፈቃድ ካልተሟሉ ካርቱ ከግቢው በር አይውጣ። ቀብድ ሳትከፍሉ «ታርጋውን ማን ያወጣል? ካልወጣስ ብሩ ይመለሳል?» ብላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። በቃል «እናወጣለን» ማለት ምንም አይደለም።

ሪል እስቴት ውስጥ እንግዳ ለማመላለስ፣ እርሻ ላይ መኖና ውሃ ለማድረስ ከሆነ ተራው ካርት ይበቃል፤ ለፍጥነት ተጨማሪ ብር አታውጡ። ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና ገበያ ለመውጣት ከሆነ ግን ሁለቱንም ዓይነት ካርት ተዉት፤ ባለታርጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ግዙ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል። በ40 እየሄዱ ከኋላ አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክ ሲመጣ ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ጭንቅ ነው።

ከፍታው አያሳስባችሁ፤ ኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየር ሲሳሳ አይደክምም። ዳገቱ የሚጎዳው ባትሪውን ነው፤ ድፍን ያልሆነ ሊድ አሲድ ከሆነ የተጣራ ውሃ በየጊዜው ይፈልጋል። አቅም ካለ ሊትየሙ ይሻላል።