ምጣዱ ፊት የመለሰኝ ሰደርያ

ባለፈው ቅዳሜ 12 እንጀራ ጋገርኩ። ምጣድ ፊት ከቆምኩ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። የመለሰኝ ሰውነት የሚያቀዘቅዝ ሰደርያ ነው።

ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) የሚባል የነርቭ በሽታ አለብኝ። አንዳንዱ ሰው ላይ መጣ ሄድ የሚለው ዓይነት አይደለም። የኔው ከጀመረኝ ጀምሮ ፋታ ሰጥቶኝ አያውቅም። ቀኝ እግሬ ይጎተታል። የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል። ደረቴ ሥር ደግሞ መቀነት አጥብቀው ያሰሩብኝ ያህል ይጨመድደኛል፤ ሌሊትም አይፈታም። በየ6 ወሩ በደም ሥር ኦክሪሊዙማብ እወስዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚህ ዓይነቱ ኤምኤስ እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያ ሆኖ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። በሽታው እንዳይፈጥን ይይዘዋል እንጂ ያለውን አያነሳልኝም። እናቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ልጄ፣ ትንሽ ተሻለሽ?» ትላለች። ምን ልበላት?

ይህን ሁሉ የሚያባብሰው ሙቀት ነው። ኤምኤስ ማየሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን ይልጣል። የተላጠ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ከፍ ካለ ይበቃል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ስለዚህ ስለጻፈ ክስተቱ እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራል። ኤምአርአይ የሚባለው የምስል ምርመራ ሳይመጣ በፊት ሐኪሞች ኤምኤስ የተጠረጠረበትን ሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ምልክቱ ሲብስ ያዩ ነበር። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐምሌ ላይ የሜሪላንድ ወበቅ ያንኑ ይሠራብኛል። ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ የተጨመረው ይነሳል፤ የድሮው ሕመሜ ግን እዚያው ነው።

ወደ ሰደርያው ልምጣ። ኦንላይን በ190 ዶላር ገዛሁት። ኢንሹራንሴ አልከፈለልኝም። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ኪስ አለው። በየኪሱ ጠፍጣፋ ፓክ ይገባል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ የሚረጋ ስለሆነ እንደ በረዶ ቆዳ አያቃጥልም። በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ስነክረው እንደ ረጋ ቅቤ ነጭ ይሆናል። ጥርት ሲል ቅዝቃዜው አለቀ ማለት ነው። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ ውጪ ትንሽ ሳላቆየው የለበስኩት ቀን ግን እግሬ እንደ እንጨት ተገተረ። እኔ ላይ ከልክ ያለፈ ቅዝቃዜም አይሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት ቲሸርት ላይ ለበስኩትና ከፍ ያለ ወንበር ምጣዱ አጠገብ አስጠጋሁ። ምጣዱን አሰስኩ። ሊጡን በጆግ ይዤ ከዳር ወደ መሃል አዞርኩት። ድሮ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ስደርስ ግራ ዓይኔ ጭጋግ ይለብስ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ ይከዳኛል። አሁን አምስተኛው ላይም፣ ስምንተኛው ላይም የእንጀራው ዓይን ሲወጣ እያየሁ አክንባሎውን ደፋሁ። ልጄ ሰፌዱን ይዛ «እማዬ፣ እኔ ላውጣው» ትላለች። ማውጣቱን ለሷ ተውኩላት፤ እጄ አይታመንም። 12ኛው ላይ ፓኮቹን ነካሁ፤ ቀልጠዋል። አቆምኩ።

እንከኑን አልደብቅም። ካርቶኑ ላይ 3 ሰዓት ይቆያል ይላል። እኔ ቤት ውስጥ 2 ሰዓት፣ ምጣድ ፊት አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያገኘሁት። ክብደቱ 5 ፓውንድ ነው፤ ትከሻ ላይ ይሰማል። ዚፑ በጣም ትንሽ ነው። ለኤምኤስ ሕመምተኛ የሚሸጥ ልብስ ላይ ጣቱ ለደነዘዘ ሰው የማይያዝ ዚፕ መግጠም ያናድደኛል። ልጄ የክር ቀለበት አሰረችበትና ተገላገልኩ። የጎኑን ማሰሪያ መመሪያው እንደሚለው ሳጠብቀው ደግሞ ደረቴ ሥር ካለው መቀነት ጋር ተደርቦ ትንፋሽ አሳጠረኝ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙና ላላ አድርጋችሁ ልበሱት። ሁለተኛው ወር ላይ አንዱ ፓክ አፈሰሰ። ሻጩ መልስ የሰጠኝ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ቢያንስ ቀየሩልኝ።

ከገዛሁ በኋላ ያወቅሁት ነገር አለ። ኤምኤስኤኤ የሚባለው የአሜሪካ የኤምኤስ ማኅበር መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው ማቀዝቀዣ ሰደርያ በነጻ ይሰጣል። እዚህ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አመልክቱ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛ ዙር ፓክ ከሐምሌ በፊት እገዛለሁ።

እሁድ እናቴ ደወለች። «ትንሽ ተሻለሽ?»

«አልተሻለኝም እማዬ። ግን ትናንት 12 እንጀራ ጋገርኩ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ዓይኑ ወጣልሽ?» አለችኝ።