ለእትዬና ለባለ 50 ገጹ ደብተራቸው

ልጄ ዘንድሮ መስከረም አንደኛ ክፍል ገባ። ይህን ምስጋና ከዚህ በላይ ባዘገየው ነውር ይሆንብኛል።

የማመሰግናቸው ሴት በመሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ በሞግዚትነት ይሠሩ የነበሩ ናቸው። እናቶቹ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው አጥብቀው ስለለመኑኝ አልጽፍም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ክፍሉንና አልጋውን ያገኘነው በዚያ ነው። እሳቸውን ግን እግዜር ነው የሰጠን።

ልጄን ባቢን ያስረከብኳቸው በ11 ወሩ ነው። እኩዮቹ «ወፌ ቆመች» እየተባለላቸው ሲውተረተሩ እሱ ገና በቂጡ ይንፏቀቅ ነበር። 14 ወር ሞላው፣ 15 ወር ሞላው፣ ወይ ፍንክች። እናቴ በየሳምንቱ እየደወለች «ዛሬስ ቆመ?» ትለኛለች። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። እትዬ ግን ደንገጥም አላሉ። «እግሩን ተይው ልጄ። ወገቡ ጠንክሯል፤ ወንበር ይዞ ይነሳል፣ ጎንበስ ብሎ ኳሱን አንስቶ ሳይወድቅ ይመለሳል። ሁለት ወር አይሞላም፣ ይሄዳል» አሉኝ። በ16 ወሩ ከአልጋው ጫፍ እስከ በሩ ብቻውን ሄደ። በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መለኪያ፣ ጤነኛ ልጅ ብቻውን የሚራመደው ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን አየሁ። ያን ሁሉ ሌሊት የተጨነቅኩት በከንቱ ነበር።

ሁላችንም እግሩን ስናይ እትዬ ሌላ ነገር ያዩ ነበር። ባቢ አፉን አልፈታም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል የነበረው ቃል «እማ» እና «ባ» ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሁለት ቃል እያገጣጠመ «ውሃ ስጪኝ» ማለት ይጀምራል። ቤተሰቡ ግን ይህን እንደ ችግር አልቆጠረውም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው» ይሉኛል። አንዲት ጎረቤቴማ እንጥሉን አስቆርጪው ብላኝ ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ የተቆጡትን ቁጣ አልረሳውም፤ እንጥል ሲቆረጥ ደሙ አልቆም ያለ፣ ቁስሉ ያመረቀዘ ልጅ በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ክሊኒክም ወስጄው ነበር። ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ሳያየው «ኦቲዝም ይመስላል፣ ቴሌቪዥን ከልክሉት» ብሎ ሸኘን። ጆሮው ይሰማ አይሰማ አልጠየቀም።

ጥቅምት ላይ፣ ባቢ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው፣ እትዬ ከሥራ ሰዓት በኋላ አስቀምጠው ደብተራቸውን ገለጡልኝ። ባለ 50 ገጽ ተራ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ገጽ አለው፤ ገጹ በማስመሪያ በአራት ተከፍሎ ከላይ «እግር»፣ «እጅ»፣ «አፍ»፣ «ከሰው ጋር» ተብሎ ተጽፎበታል። (ዴንቨር 2 የሚባለው የሕፃናት ዕድገት መመዘኛም የሚያየው እነዚሁኑ አራቱን ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ለአገራችን ልጆች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል። እትዬ ይህን ሰምተው አያውቁም፤ ልጅ ሲያዩ ኖረው በራሳቸው የደረሱበት ነው።) በባቢ ገጽ «አፍ» ከሚለው ሥር እንዲህ ይላል፦

«ሐምሌ 12። ጉንፋን። 3 ጊዜ ጠራሁት፣ አልዞረም። አፌን ያያል።»
«ነሐሴ 20። ጉንፋን። ሬዲዮው ሲከፈት ሄዶ ጆሮውን ለጠፈበት።»
«መስከረም 25። አፍንጫው ደርቋል። ከኋላው ቀስ ብዬ ባቢ አልኩት፣ ዞረ።»
«ጥቅምት 6። ጉንፋኑ ተመለሰ። አልሰማም።»

ለኔ እልኸኛ ልጅ ነበር። ሲፈልግ የሚሰማ፣ ሳይፈልግ የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር፤ በዚህም ስንት ቀን ተቆጥቼዋለሁ። እትዬ ቀኖቹን በጣታቸው እየተከተሉ «እልኹ ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ለምን ይመጣል?» አሉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ደስታ ከረሜላ አወጡና ከኋላው ሆነው ወረቀቱን አንኮሻኮሹት። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሕፃናት ወዲያው ዞሩ። ባቢ ብሎኩን እየደረደረ ቀጠለ። ቀጥለው ጣውላውን ወለል በእግራቸው ደለቁት። ያን ጊዜ ዞረ። «ይኼ በጆሮው አይደለም፣ በቂጡ ነው የሰማው» አሉኝ።

ኦቲዝም የተባለውን ስነግራቸው አይደለም ብለው አልተከራከሩኝም። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጨረቃ ሲያይ በጣቱ አሳይቶኝ፣ አየሽ ወይ ብሎ ዞሮ ፊቴን ያያል። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሪ፣ ሌላው ከዚያ ይታያል» ነው ያሉት። ልጅ ንግግር ሲዘገይ ቀድሞ መመርመር ያለበት ጆሮው መሆኑን የጆሮ ሐኪሙም ነገረኝ። ከሁለቱም ጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። አዴኖይድ የሚባለው ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢም አብጦ ነበር፤ ማታ ማታ የሚያንኮራፋው፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛው ለካ ለዚህ ነው። ፈሳሹ በጉንፋን ይብሳል፣ ጉንፋኑ ሲተወው ይቀንሳል። ባቢ ዓለምን ሲሰማ የኖረው ጆሮው ውስጥ ጣት እንደከተተ ሰው ነበር። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚደርቅ ሦስት ወር ጠብቁ ተባልን። አልደረቀም። አዴኖይዱ ወጣ፣ ታምቡሩ ላይ ትንንሽ ቱቦ ተደረገለት።

ከሆስፒታል ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲጮህ ባቢ ሁለት ጆሮውን በእጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። እኔ እዚያው አለቀስኩ።

እትዬ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም አስቀድመው ነግረውኛል። «ቃሉ ይጎርፋል፤ ግን ቀድሞ የሚመጣው በከንፈር የሚታየው ነው፣ በ፣ መ፣ ፈ። ሰ እና ሸ ይቆያሉ» አሉ። እንዳሉት ሆነ። በስድስት ወር ውስጥ ማታ ማታ ዝም በል እስክንለው ድረስ የሚያወራ ልጅ ወጣው፤ «ሸሚዝ» ግን እስከ አራት ዓመቱ «ተሚዝ» ነበር። ማቆያውን ሲለቅ የሰጡኝ ማሳሰቢያ ደግሞ ይህ ነው፦ «ፊደል ሲቆጥር የሚመሳሰሉ ድምፆች ይምታቱበታል። ያኔ ሰነፍ እንዳትሉት። ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ መምህሯ ፊቷን ሰጥታ ታናግረው።» ሙአለ ሕፃናት ሁለተኛ ዓመቱ ላይ የቃል ጽሕፈት ደብተሩ መጣ፤ «ቀለም» በሚለው ፈንታ «ከለም» ተጽፏል። እትዬ አስቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ እንደ ድሮዬ እቆጣው ነበር። ለመምህሩ ነገርኩት፣ ወንበሩ ተቀየረ፣ ቤት ውስጥ ቀ እና ከን በጨዋታ ለየናቸው። ዛሬ ያነባል።

የተሳሳቱበትም አለ። ከሰው መሀል ዝምተኛ ይሆናል ብለው ነበር፤ ባቢ ግን የሰፈሩን ልጆች የሚያዝ ሆኗል። ይህን ስነግራቸው ስቀው ደብተሩን አወጡና በገጹ ግርጌ «ዝምተኛ ይሆናል ያልኩት ተሳስቻለሁ» ብለው ጻፉ። በዚያች መስመር ከሌላው ሁሉ በላይ አመንኳቸው።

ለትምህርት ቤት ስናስመዘግበው እናቴ በድሮው ልማድ «እስቲ እጅህን በራስህ ላይ አዙረህ ጆሮህን ንካ» አለችው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ያዘ። እኔ ያን ጆሮ ሳይ የማስበው እትዬን ነው።

አሁን ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተው ጀሞ አካባቢ በራሳቸው ቤት ልጆች ይይዛሉ። ስድስት ልጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አይቼ አልጽፍም ስለሚሉ አይጨምሩም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ ቀትር ድረስ አሉ። ምሳ ከቤት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ቤቱ ሰፊ አይደለም፣ ያማረ መጫወቻም አታገኙበትም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቴሌቪዥን የለም። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑትን አይቀበሉም። ቦታ ሲኖር የሚነግሩኝ እኔን ስለሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ እሱን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ነው ከእናንተ ጋር የሚነጋገሩት።